ጥርኝ ውኃ፦ የሕማማት ሰሞን ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

እማዬ ከእኔ በፊት ነቅታ፣ ከእኔ በፊት ለብሳ፣ ከእኔ በፊት ተቆጥታ ጠበቀችኝ። «በሕማማት እንዲህ ይተኛል?» ሰዓቱ ከሌሊቱ 9 ነበር። አውቶቡሱ ከመስቀል አደባባይ የሚነሣው 11 ሰዓት ላይ ነው። እሷ ግን በዕድሜዋ አርፍዳ አታውቅም፤ አሁን እንድትጀምርም አልጠብቅም።

ጉዞው የእሷ ስእለት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኗ ሞራ ለብሶ ሳለ ጣና ዳር ዘጌ ላለችው ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስላ ነበር። ሞራው በቀዶ ጥገና ተነሣላት፤ ስእለቱ ግን ሳይደርስ ቆየ። እኔ ሐኪሙን አመሰግናለሁ፣ እሷ ኪዳነ ምሕረትን፤ ተጣልተንበት አናውቅም። ጃንጥላውን በጋዜጣ ጠቅልላ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ረዳቱ «እማማ፣ ከላይ ልስቀልልዎት» ቢላት «የሰው ዕቃ ነው ልጄ» ብላ መለሰችለት።

እኔ አጃቢ ነኝ። ለሁሉም የነገርሁት እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዋርዱ መራቅ ፈልጌ ነው የመጣሁት። የአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርሶች ኃላፊ ከሆንሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እዚያ የሆነውን ዛሬ አልጽፍም፤ እጄ እምቢ ብሏል።

ጎሐ ጽዮን የደረስነው ከነጋ በኋላ ነው። ቁልቁለቱን ወርደን፣ በጃፓን ርዳታ የተሠራውን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ አውቶቡሱ በሙሉ ዝም አለ፤ ተሳፋሪው የፍሬኑን ድምፅ ነበር የሚያዳምጠው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሻይ ጠጣሁ። እማዬ እስከ ማታ አትቀምስም፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የጠጣሁት፣ እንደ ሌባ። ከዚያ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መርዓዊ። ባሕር ዳር የገባነው 10 ሰዓት አልፎ ነው። አጎቴ በር ላይ ጠበቀን። በሕማማት መሳሳም የለምና፣ የይሁዳ ሰላምታ እንዳይሆን፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልን። ለካ ሰው ሳይነካኩም በደንብ ሰላም መባባል ይችላል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ተኝቷል፤ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ነው የሚነሣው። ከደንገል የታሠሩ ታንኳዎች እንጨት ጭነው ወደ ከተማው ገበያ ሲቀዝፉ አገኘናቸው። ታንኳ እንደ ጀልባ ውኃውን አትከለክለውም፤ ግማሽ ጎኗ ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው የምትሄደው። ቀዛፊውም እስከ ወገቡ ርሶ ነበር።

ዘጌ አይታረስም፤ ከብትም አይገባበትም። የደሴቲቱን ገዳማት የተከሉት አቡነ በትረ ማርያም የተቀበሉት ቃል ኪዳን ነው ይላል ሕዝቡ። («ደሴት» ማለቴን አጎቴ ቢሰማ ያርመኛል፤ ዘጌ በአንድ ወገን ከየብስ የተያያዘ ነው።) ያ ቃል ኪዳን ደኑን ጠብቆታል። መንገዱ ከላይ እስከ ታች የቡና ጥላ ነው። የደን ጥበቃ ሕግ ስንት ጊዜ ሲወጣና ሲሻር ያየ ሰው እዚህ መጥቶ ቢያስብ ጥሩ ነው።

ዑራ ስንደርስ የሠለስቱ ጸሎት አልቆ የቀትሩ አልተጀመረም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ጃንጥላዋን አስረክባ፣ መሬቱን ስማ ተነሣች። እኔ መስቀል ልሳለም ለካህኑ ጎንበስ አልሁ። እጃቸውን ሰበሰቡት። «ልጄ፣ ሰሞኑን መስቀል አናሳልምም፤ ፍትሐትም የለም። እስከ ዓርብ ማታ ታገሺ።» አውቀው ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ግን እንደ ተመለሰ ማመልከቻ ተሰማኝ።

መቅደሱ በአራቱም ወገን በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው፣ አቡነ ሳሙኤል አንበሳ ላይ ተቀምጠው። እማዬ በዳነው ዓይኗ አንድ በአንድ ስታየው ቆየችና በላዔ ሰብእ ጋ ስትደርስ ክንዴን ያዘችው። ታሪኩን ሳውቀው ነው ያደግሁት፤ እሷ ግን የጎረቤት ወሬ ይመስል እንደገና ነገረችኝ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው ነው። መንገድ ላይ የተጠማ ድውይ ውኃ ለመነው። ስለ እግዚአብሔር ቢለው እምቢ አለ፣ ስለ ጻድቃን ስለ ሰማዕታት ቢለው እምቢ አለ፤ ስለ ማርያም ሲለው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላው ወገን ተመዘነ። እመቤታችን ጥላዋን ጣል አደረገችበትና ውኃው ደፋ።

«ጥርኝ!» አለች እማዬ፣ መዳፏን አጉድጉዳ እያሳየችኝ። «ጉሮሮ እንኳ አያርስም።»

እንግዲህ ልጻፈው።

ከሁለት ወር በፊት፣ የጠዋቱ ዙር ሊጀመር ሲል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ስትሮክ ለመታቸውና አስታማሚ ለሌላቸው አንዲት ታማሚ በኩባያ ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይታይ ውኃ ከተሰጠው ውኃው ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል፤ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ይገድላልም። ይህን የማያውቅ ነርስ የለም። ስለዚህ መደንገጤን አሁንም እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ጥፋቱ ከአፌ የወጣው ነው። ስምንት ታማሚና ሁለት ተማሪ ነርሶች ባሉበት «ያንቺ ሥራ መወልወያው ነው። ሰው ሳትገድዪ ወደ ወለልሽ ተመለሺ» አልሁ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ከዚያች ቀን በፊት ከ«እርስዎ» ሌላ ብያቸው አላውቅም።

አልመለሱልኝም። ኩባያውን ታማሚዋ በደህናው እጃቸው ሊደርሱበት ከሚችሉበት ቦታ አስቀምጠው መወልወያቸውን አነሡ።

ከሰዓት በኋላ ካርዱን ሳገላብጥ፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ የመዋጥ ምርመራውን ሠርታ «ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ» ብላ ጽፋለች። ታማሚዋ ጀርባቸው ላይ ትራስ ተደርጎላቸው ቀጥ ብለው ነበር የተቀመጡት። ይህን ጠዋትም ዓይኔ አይቶት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ሴትዮዋን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅሁም። በሳምንቱ ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር ያመለከቱበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ፈረምሁ። ሲሄዱ ቀለል አለኝ። ከሁሉም ይህችኛዋ ናት የምታስጠላኝ።

እማዬ ይህን አታውቅም። ሥዕሉን እያየች «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን ያዞርሽው?» አለችኝ። ጭሱ ነው አልኋት። ጭስ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

ዛሬ ወደ መሀል ሐይቅ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአጎቴ ልጅና ከሌሎች አምስት ተሳላሚዎች ጋር ተነሣን። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ለማየት ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ጣና ውስጥ ሲገባበት ነው ስፋቱ የሚታወቀው፤ አንድ ሰዓት ያህል ዳርቻው ሁሉ ጠፍቶብን ነበር። በጥልቀቱ ግን አያስፈራም፤ በጣም ጠለቀ ቢባል 15 ሜትር ቢሆን ነው። ካፒቴኑ «ለመስጠም አንድ ተኩል ሜትርም ይበቃል» ብሎ የሁላችንንም የመንሳፈፊያ ጃኬት አስጠበቀን።

ናርጋን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። የቋራ ሰው፣ የአፄ በካፋ ሚስት፣ ልጇ ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ አብራው ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች። ውስጥ ሥዕሏ አለ፤ ልብሷ የእቴጌ ነው፣ ቦታዋ ግን ከእመቤታችን እግር ሥር፣ መሬት ላይ ተደፍታ። ሹመት ካገኘሁ ወዲህ ክፉ ዓይን ስላወጣሁ «ራሷ ባሠራችው ቤት ተደፍታ መሣል ይህ ትሕትና ነው ወይስ ማስታወቂያ?» ብዬ ለእማዬ አንሾካሾክሁ።

«ሌላው ሹም ፈረስ ላይ ሆኖ ነው የሚሣለው» አለችኝና አለፈች።

ከናርጋ ቀጥሎ ዳጋ እስጢፋኖስ። ዳጋ ሴት አትገባም። አቡነ ኂሩተ አምላክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከመሠረቱት ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ እማዬ ምንም አልመሰላትም፣ እኔ ግን አኮረፍሁ። ወንዶቹ አቀበቱን ሲወጡ እኛ ጀልባው ውስጥ ቀረን። እዚያ ላይ የነገሥታት አጽም አለ፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ፋሲል። የአጎቴ ልጅ ሲመለስ እንዴት ነበር ብለው «በመስታወት ሳጥን ነው ያሉት። አባ ስማቸውን ጠሩልን፤ አሁን ግን የትኛው የትኛው እንደነበር ተደባለቀብኝ» አለ። አገር ያንቀጠቀጠ ስም ነበር አንዱ አንዱ። ልጁ ከአቀበቱ እስኪወርድ ድረስ እንኳ አልቆየለትም።

እኔ ግን ባልወጣሁበት ደሴት የተሻለ ነገር ያገኘሁ ይመስለኛል።

ስንመጣ፣ ዳርቻው ጠፍቶ ሳለ፣ ካፒቴኑ መሪውን ለረዳቱ ሰጥቶት ነበር። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ማዕበሉ ትንሽ ከፍ ሲል ጀልባዋን ጎኗን ሰጣት፤ ውኃ ገባብን፣ አንዷ ተሳላሚ ጮኸች፣ ሁላችንም ወደ ካፒቴኑ ዞርን። እሱ መሪውን አልነጠቀውም። አልጮኸበትም። ከመቀመጫው ሳይነሣ በአንድ ጣቱ ወደ ግራ አመለከተና እጁን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተ። ልጁ አስተካከላት። ካፒቴኑ ለእኛ «ውኃው ትንሽ ተቆጣ» ብቻ አለን፤ ጥፋቱን ለውኃው ሰጠው።

ዳጋ ላይ ወንዶቹ ሲሄዱ እማዬ ዳዊቷን ያዘች፤ እኔ እንቅልፍ የወሰደኝ መስያለሁ። ያኔ ነው ልጁን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ሞተሩን የሚያይ መስሎ፣ ቀስ ብሎ የነገረው። «ማዕበል በጎን አይቀበሉትም። ግንባሯን ስጠው። ስትፈራ ደግሞ ቶሎ አትጠምዝዝ።» ልጁ «እሺ ጋሼ» አለ። ሲመለሱ መሪውን የያዘው እንደገና ልጁ ነው።

ይህን ሳይ የቀድሞዋ ኃላፊያችን ትዝ አሉኝ፤ ጡረታ ሲወጡ ነው ወንበራቸው ለእኔ የደረሰው። ጀማሪ ሳለሁ ለአንዱ ታማሚ የሌላውን መርፌ ልወጋ ሲሪንጁን ይዤ አልጋው ጋ ከደረስሁ በኋላ እጄን ያዝ አድርገው «ነይማ፣ አንሶላ እንቁጠር» አሉኝ። አንሶላ ወደሚቀመጥበት ክፍል ይዘውኝ ገቡ፣ በሩን ዘጉት። እዚያ ውስጥ የሰማሁትን ቁጣ እስካሁን አልረሳሁትም፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተቆጣኝ ሰው የለም። ከዚያ በሩን ከፈቱና ታማሚዎቹ እየሰሙ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልክ ነው ቁጥሩ» አሉኝ። ዋርዳችን ውስጥ «አንሶላ እንቁጠር» መባል ምን ማለት እንደሆነ ነርሶቹ ሁሉ እናውቅ ነበር፤ አንድም ታማሚ ግን አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የታማሚ ፓን ራሳቸው ሲያወጡም አይቻቸዋለሁ፤ ያንን ግን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጥረውም፤ ሰው ሲያይ ፓን ማውጣት ቀላል ነው። ከባዱ በሩን መዝጋቱ ነበር።

ወንበራቸውን ወረስሁ። የአንሶላው ክፍል ቁልፍም እኔ ጋ ነው።

ሲመሽ ነፋሱ ተነሥቶ ስንናጥ ደረስን። እማዬ አስመለሳት፤ የሚወጣ ነገር ግን ሆዷ ውስጥ አልነበረም።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ከሰሙነ ሕማማት ቅዳሴ ያለባት ቀን ይህች ብቻ ናት፤ እሷም ያለ ደወል፣ በለሆሳስ። ከዚያ በፊት ሕጽበተ እግር አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በሴቶች በኩል ቆሜ በሰው ትከሻ መሀል ነው ያየሁት።

አረጋዊ ካህን ፎጣ ታጥቀው የወይራና የወይን ቅጠል በተነከረበት ውኃ ያጥባሉ። ከተራው መሀል አንድ ገበሬ የሚመስሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አውራ ጣታቸው ተጣሞ በሌላው ጣት ላይ ወጥቷል፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ካህኑ ሲደርሱባቸው ሽማግሌው እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሰበሰቡ። በእግራቸው አፍረው ይሆን? አላውቅም። ካህኑ አልጎተቱም። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ አጎንብሰው ቆዩ። ወገባቸው የሚያማቸው እንደሆነ ከአቋማቸው ያስታውቃል፤ በሥራዬ ወገብ አውቃለሁ። ከኋላ የቆመው ዲያቆን ማሰሮውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ሽማግሌው በመጨረሻ እግራቸውን የካህኑ መዳፍ ላይ አኖሩት።

ማታ ጉልባን እየበላን አጎቴ የአባቴን ወሬ አነሣ። አባዬ ዋሸራ ቅኔ ሲማር ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ የበላ ሰው ነው። የሀብታም ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ጥጃ የማይጠባው ወተት ነበር ይላል አጎቴ፣ ትንሽ ሳያጋንን አይቀርም። ቢሆንም የቆሎ ተማሪ ሀብታም ድሀ የለውም፤ ውሻው ሁሉንም እኩል ይነክሳል። አባዬ ግን ልመናው አልከበደውም ነበር አሉ። የከበደው አስነጋሪው ነው። የኔታ ለእያንዳንዱ አይደርሱምና የተሻለው ተማሪ ሌላውን ያስነግራል፤ የአባዬ አስነጋሪ ከእሱ በአራት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነበር። አጠገቡ ደግሞ ቅስና ያላቸው ጎልማሳ ከዚያው ልጅ እግር ሥር ተቀምጠው ጉባኤ ቃና ይቆጥሩ ነበር። ሁለት ቤት ናት፣ ከቅኔ ሁሉ ትንሿ። ቄሱ በሁለቱ ቤት ወር ሙሉ ሲሳሳቱ፣ ልጁ ሲያርማቸው፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ሲሉ አባዬ ሰምቷል። «ከዚያ በኋላ ሰው ሲያርመኝ ማፈር ተውሁ» ይል ነበር አለ አጎቴ።

ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ወይ ነግሮኝ አልሰማሁትም ይሆናል።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ ሚያዝያ 18

ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት። ጉልበቴን ከማጉረምረም ሌላ የምጽፈው የለም። እማዬ በ71 ዓመቷ ከእኔ እኩል ሰገደች፤ በመጨረሻ በልጣኛለች መሰለኝ፣ መቁጠር አቆምሁ።

ሲመሽ ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ቆሙ፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ጀርባውን እየተመታ ስግደት ይታዘዝለታል። ተራዬ ሲደርስ ለካህኑ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገርኋቸው። ሲነገር በጣም አጭር ነው።

«ለሴትዮዋ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርሁም አባቴ።»

«41 ስገጂ። ግን ይህ ለእግዚአብሔር ነው። የሴትዮዋ ዕዳ ከዚህ ውስጥ አይቆረጥም።» ወይራውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19

ቀዳም ስዑር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እየተባለ ቄጤማ ታደለ። ቄጤማ ለአዲስ አበባ ሰው ከገበያ የሚገዛ ነገር ነው፤ እዚህ ከሐይቁ ዳር ገና ውኃው ሳይደርቅ ነው የመጣው። እማዬ አንዱን ዘለላ ሰንጥቃ ግንባሬ ላይ አሰረችልኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው አጥብቃ። ከትናንት ጀምሮ አክፍላለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ውኃ ጠጪ አልላትም፣ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከአጎቴ ቤት ጀርባ፣ ሐይቁ በሚታይበት በኩል ወጥቼ ስልክ ደወልሁ። ቁጥራቸውን ያገኘሁት ከጽዳት አስተባባሪዋ ነው፤ ለምን እንደፈለግሁት ስትጠይቀኝ «ለሥራ» አልሁ። እስከዚህ ድረስ መዋሸቴ።

በሦስተኛው ጥሪ አነሡት። ከበስተ ጀርባ የዶሮ ድምፅና የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«እትዬ፣ ከዋርዱ ነኝ…»

«ሲስተር፣ አወቅሁዎት። ምነው፣ በደህና?»

ያሰብሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ካርዱን እንዳየሁ፣ እሳቸው ልክ እንደነበሩ፣ እኔ እንደተሳሳትሁ፣ «አንቺ» ማለቴን ጭምር። ስጨርስ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ሴትዮዋ ድነው ወጡ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ ከዘራ ይዘው ነው የወጡት።»

«እሰይ።» ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ሲስተር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ። በዓል ነው፣ ቂም አላሳድርም። ግን የሰደቡኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው፣ ሰው ፊት ቢሉልኝ።»

አንደበቴ ተያያዘ። እዚያ ዋርድ ውስጥ፣ ነርሶቼ ፊት፣ ዙሩን የሚመሩት ሐኪም ፊት ቆሜ ታየኝ። የአንሶላው ክፍል ቢሆንስ ልል ከአፌ መልሼዋለሁ።

«መቼ ይመችዎታል?» አልሁ።

«ማክሰኞ የጠዋት ተረኛ ነኝ። ዙር ሊጀመር ሲል ብቅ እላለሁ። ተማሪዎቹ አሁንም አሉ?»

«ሁለቱም አሉ።»

«ደግ። እንግዲህ እንኳን አደረሰዎት፣ ሲስተር።»

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዙር በፊት፣ ብዬ እዚሁ ማስታወሻ ላይ ጻፍሁት፤ ሰኞ ማታ ወደ ቤት መግባት አለብን ማለት ነው። እማዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ከማን ጋር ነው ይህን ያህል የምታወሪው? ነይ፣ ዶሮውን የሚገነጥል ሰው ጠፍቷል» አለች።